የመጀመሪያዋ ግብ የታላቅ ናት

በእግር ለሚሄድ ሩቅ፣ በሐሳብ ለሚሄድ ግን የግድግዳ ጎረቤት የሆነች አንዲት አገር ነበረች። ስሟ እዚህ አይጠራም። ስሟን የሰማ ሁሉ «እኔ እኮ እዚያ ዘመድ አለኝ» እያለ ወሬ ያቋርጣል።

የዚያች አገር ሕግ አንድ ብቻ ነበር። አንድ በመሆኑም ሕዝቡ ጠንቅቆ ያውቀዋል። «የመጀመሪያው ሁሉ በቦታው ላለ ታላቅ ነው» ይላል። የመጀመሪያው ጉርሻ፣ የመጀመሪያው ትልም፣ የመጀመሪያው ቃል፣ ወንዝ ሲሻገሩ የመጀመሪያው እርምጃ፣ ሁሉም በቦታው ካሉት በዕድሜ ለሚበልጠው ሰው ነው። እሱ ሳይጀምር ማንም ምንም አይጀምርም፤ እሱ ከጀመረ በኋላ ግን ሁሉም እንደ ልቡ ነው። መልካም ሕግ ነው። አገሪቱ ሺህ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳትቸኩል የኖረችው በዚህ ሕግ ነው።

አንድ ጊዜ ከገበያው አጠገብ አንድ ቤት በእሳት ተያያዘ። ሰፈሩ ባልዲና እንስራ ይዞ ከተፍ አለ። ከመጡት ሁሉ የሚበልጡ ሁለት አዛውንት ነበሩ፤ እነሱም ባልዲያቸውን እንደያዙ ቆሙ።

«ቅደም እንጂ፣ አንተ ትበልጠኛለህ።»

«ምን በወጣኝ! አንተ የሰኔ ነህ፣ እኔ የሐምሌ።»

«ኧረ እኔስ አላደርገውም!»

የዕድሜ መዝገብ ሹሙ ባሻ እንዳለማው ተጠሩ። በበቅሎ መጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ መዝገቡን ገለጡ፣ በሁለቱ መካከል የሦስት ሳምንት ልዩነት አገኙ። ታላቁም የመጀመሪያዋን ባልዲ በበረደው ፍም ላይ ደፉ። ቤቱ ተቃጠለ፤ ሥርዓቱ ግን ተረፈ። ባለቤቱንም ጎረቤቶቹ በዚሁ አጽናኑት።

የዚያች አገር ወጣቶች እግር ኳስ ይጫወታሉ። ከገበያው ግርጌ አንድ ሜዳ አላቸው፤ ሌላ የላቸውም። ሕጉ እዚያም ደርሷል። በየግቡ አጠገብ አንዳንድ አዛውንት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ዳኛው ፊሽካውን እንደ ነፋ ኳሷ መጀመሪያ በዕድሜ ወደሚበልጡት ተንከባላ ትሄዳለች። እሳቸው በጫማቸው ጫፍ ነካ ያደርጓታል፣ በረኛው በአክብሮት ዘወር ይልላቸዋል፣ ገባች። ከዚያ ወደ ሁለተኛው አዛውንት ትወሰዳለች፤ ገባች። ሁለቱም ይመርቃሉ፣ ወንበራቸው ይነሳል፣ ጨዋታው ይጀመራል። በዚያች አገር ማንኛውም ጨዋታ የሚጀመረው አንድ ለአንድ ሆኖ ነው። ባዶ ለባዶ የሚባል ነገር ሕዝቡ አያውቅም፤ ሲነግሩትም «ታዲያ ማን ጀመረው?» ብሎ ይጠይቃል።

ከተጫዋቾቹ መካከል አንለይ የሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት አጥቂ ነበር። ስለ እሱ ብዙ የሚነገር የለም። ይሮጣል። ሲላክ ይሮጣል፣ ሲጠራ ይሮጣል፣ የሚሄድበት ሲያጣም ሮጦ ይመለሳል። እናቱ «ይሄን ልጅ ቆሞ ያየሁት ወባ ሲይዘው ብቻ ነው፤ እሱንም ይንቀጠቀጥ ነበር» ትላለች። ኳስ ካገኘ ምሳ አይጠይቅም።

ታዲያ አንድ ዓመት የስምንቱ አገሮች ዋንጫ ሊካሄድ ሆነና ጥሪ ደረሳቸው። ጉዳዩ ወደ ቀዳሚዎች ሸንጎ ቀረበ። ሸንጎው አርባ አዛውንት አሉት፤ የበላዩ ሊቀ ቀዳሚ ተድባቡ ናቸው። ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ በመዝገቡ መሠረት በአገሪቱ ከእሳቸው የሚበልጥ ሰው የለም። ስለዚህ እሳቸው አፋቸውን ካልከፈቱ ሸንጎ አይከፈትም።

የቡድኑ አሰልጣኝ ጓንጉል ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቀረበ።

«እንግዲህ ጓንጉል፣ የልጆቹ ዕድል እንዴት ነው?» አሉ ሊቀ ቀዳሚው።

«ጌታዬ፣ ልጆቹ ፈጣኖች ናቸው። ከሚመጡት ቡድኖች ሁሉ በዕድሜ ትንሹ የኛ ነው። ግን አንድ ነገር አለ። እዚያ ወንበር አይፈቀድም።»

«የምን ወንበር?»

«የግቡ ዳር ወንበር ነዋ። አዛውንት ሜዳ ውስጥ ማስቀመጥ ክልክል ነው አሉ።»

ሸንጎው አጉረመረመ። በዕድሜ ተራ ስለሚያጉረመርም አንዱ ዙር ሩብ ሰዓት ፈጀ።

«ታዲያ የመጀመሪያዋን ማን ሊያገባት ነው?»

«እኔም የምለው እሱን ነው ጌታዬ። ልጆቹ ሊያገቧት አይችሉም፤ እርስዎ እዚያው ተቀምጠው እያዩ እንዴት ይደረጋል? ሌሎቹ ካገቡብን ግን መጀመሪያው አለፈ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ልጆቹን የሚይዛቸው የለም።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ፣ ካላገቡብን አናሸንፍም።»

ይህ ትሕትና ሸንጎውን ደስ አሰኘው። «ካላገቡብን አናሸንፍም» የሚለውም በትልቅ ጽሑፍ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ከዚያም ሁለት ውሳኔ ተላለፈ። አንደኛው፣ ቡድኑ ከምድቡ ካላለፈ ሜዳው ለሸንጎው ፀሐይ መሞቂያ ይሆናል የሚል ነበር። ሊቀ ቀዳሚው «የጠዋቷ ፀሐይ እዚያ ሜዳ ላይ ልዩ ናት፤ በሩጫ እየተረገጠች ከምትባክን እንቀመጥባት» አሉ። ሁለተኛው ስለ ሕግ ነበር። ታላቁን ቀድሞ የመጀመሪያዋን ግብ የሚያገባ ተጫዋች ቢኖር፣ «የቀደመች እግር ዕድሜ ልኳን አትሮጥም» ተባለ።

አንለይ ሁለቱንም ውሳኔ በር ላይ ቆሞ ሰማ። እንግዲህ የእሱ ነገር እንዲህ ሆነ፦ ቡድኑ ካላለፈ የሚሮጥበት ሜዳ የለውም፤ ቸኩሎ ካገባ ደግሞ የሚሮጥበት እግር የለውም።

የጉዞው ቀን ሁለት አውቶቡስ ቀረበ። ታላቅ በሌለበት ምንም ስለማይጀመር አርባውም የሸንጎ አባላት ሊሄዱ ግድ ነው። ባሻ እንዳለማውም መዝገባቸውን አቅፈው ተነሱ፤ መዝገቡ ለብቻው ወንበር ተሰጠው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ለአሥራ አንድ ተጫዋችና ለአሰልጣኙ መቆሚያ ተረፈ። ተጠባባቂ ተጫዋች ይዘን እንሂድ ያለ ቢኖርም በየትኛው እግሩ እንደሚቆም ሊያስረዳ አልቻለም። ተሳፋሪው በዕድሜ ተራ ሲገባ ረፋዱ አለቀ፤ ልጆቹ ሲሳፈሩ እኩለ ቀን ሆኖ ነበር።

የመጀመሪያው ጨዋታ ከጨው አገር ቡድን ጋር ሆነ። በአራተኛው ደቂቃ ጨዎቹ አገቡ። ሊቀ ቀዳሚ ተድባቡ ተነስተው «እልል!» አሉ፤ ሠላሳ ዘጠኙ ተከተሏቸው። የጨው አገር ተጫዋቾች ሊተቃቀፉ የዘረጉትን እጅ መለሱት።

«ምን ሆነው ነው?» አለ ያገባው።

«እንጃ። የኛ ግብ ወደየት ነበር?» አለው ጓደኛው፤ ሁለቱም ዞረው አረጋገጡ።

ይህን ሲያረጋግጡ አንለይ በመሐላቸው አልፎ ሄዷል። አንድ አገባ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። ሦስት ለአንድ።

ሁለተኛው ከሐይቅ አገር ቡድን ጋር ነበር። ሐይቆቹ የማይቸኩሉ ሰዎች ናቸው፤ ኳሷን እርስ በርስ ሲቀባበሉ ዋሉ። በሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ አንዱ ለጓደኛው ያቀበላት ኳስ ነጥራ ድንገት ገባች። ልጆቹ እያመሰገኑ ኳሷን ወደ መሐል ይዘው ሮጡ፤ አንለይ የሜዳውን አጋማሽ ሳያልፍ ግን ፊሽካው ተነፋ። አንድ ለባዶ ተሸነፉ። ሊቀ ቀዳሚው «ቢያዘገዩትም አልነፈጉንም» ብለው አወደሷቸው።

የቀረው ሦስተኛው ጨዋታ ነው። ከነፋስ አገር ቡድን ጋር ነው። ለነፋሶቹ አቻ መውጣት ይበቃቸዋል፤ ለነአንለይ ግን ማሸነፍ ግድ ሆነ። የነፋሶቹ አሰልጣኝ ደግሞ ሁለቱንም ጨዋታ ደብተር ይዞ የተከታተለ ሰው ነበር። ልጆቹን ሰብስቦ እንዲህ አላቸው፦

«እነዚህ ሰዎች ሲገባባቸው ነው የሚነቁት። ካልተገባባቸው ግቡ አፍ ድረስ መጥተው ይመለሳሉ። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፤ እኔም አልገባኝም። ብቻ እንዳታገቡባቸው!»

እንዳላቸውም አደረጉ። የነፋስ አገር አጥቂ ኳሷን እየነዳ መጣ፣ ተከላካዮቹ መንገድ ለቀቁለት፣ በረኛው ዳምጤ የግቡን ብረት ተደግፎ ጠበቀው። አጥቂው አምስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

«ግባ እንጂ ወንድሜ! ምን ያሳፍርሃል? ቤትህ ነው!» አለው ዳምጤ።

«ይቅርብኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«አንዴ ብቻ!»

«ኧረ በቃኝ፣ ጠግቤ ነው የመጣሁት።»

«በሞቴ! እኔ ልሙት! አንዲት እንኳ!»

«አይሆንም ስልህ!» አለና ኳሷን ሜዳውን አቋርጦ ለራሱ በረኛ መለሳት። ዳኛውም የሚነፋበት ጥፋት አጥቶ ፊሽካውን በሸሚዙ ይወለውል ነበር።

ዕረፍት ሲሆን ጓንጉል አንድ ዘዴ መጣለት። ልጆቹ ኳሷን በራሳቸው ግብ ላይ ቢያገቧት ለነፋሶቹ ትቆጠራለች፤ መጀመሪያው አለፈ ማለት ነው። ይህ ቢፈቀድስ? ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ሸንጎው መቀመጫ ወጣ። ሊቀ ቀዳሚ ተድባቡ አገጫቸውን በከዘራቸው ላይ አሳርፈው፣ ፀሐዩ ፊታቸው ላይ እየወረደ፣ ለጥ ብለው ተኝተዋል። ሠላሳ ዘጠኙ ዙሪያቸውን ተቀምጠዋል። እሳቸው ሳይጀምሩ ደግሞ ቃል አይጀመርም።

ጓንጉል በምልክት ሞከረ። ኳስ በእጁ ሠራ፣ ወደ ራሳቸው ግብ አሳየ፣ አንድ ጣቱን አነሳ፣ ከዚያ ትከሻውን ሰብቆ «እ?» የሚል ፊት አሳያቸው። ሰማንያ ስድስት ዓመት የሆናቸው አንድ አዛውንት ገብቷቸው አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ደንግጠው ዘጉት። አሥራ አምስቱ ደቂቃ እንዲህ አለቀ። ፊሽካ ተነፋ፤ ጓንጉል ባርኔጣውን ደፍቶ ወረደ።

«ምን አሉ?» አሉት ልጆቹ።

«ገና አልጀመሩም።»

ሁለተኛው አጋማሽም እንደ መጀመሪያው ሆነ። ኳሷ ከወዲያ ወዲህ ትመላለሳለች፣ ማንም አይፈልጋትም። ጊዜው ወደ ማለቁ ሲቃረብ የነፋስ አገር በረኛ መቆም ታክቶት በግቡ መሐል ተቀመጠና ብርቱካን ይልጥ ጀመር። አንለይ ኳሷን እየነዳ እዚያው ድረስ መጣና ቆመ። አራተኛ ጊዜው ነበር።

«ደግሞ መጣህ?» አለው በረኛው ቀና ሳይል።

«መጣሁ።»

«ብርቱካን ልስጥህ?»

«መጀመሪያ አንተ ቅመስ።»

በረኛው ሳቀ። «ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ እናንተ! ምታት እንጂ ታዲያ! ወይስ አያትህን ልጥራልህ?»

አንለይ ወደ መቀመጫዎቹ ዞሮ አየ። ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ነበር። ከዚህ በኋላ ወይ ሜዳው ይሄዳል፣ ወይ እግሩ።

«ተኝተዋል» አለው። «አትቀስቅሳቸው።»

ከዚያም መታት። በኃይል አልነበረም፤ ሰው እንዳይነቃ አድርጎ ነው የመታት። ኳሷ በበረኛው ጉልበትና በብርቱካኑ ልጣጭ መሐል ሾልካ መስመሩን አለፈች።

ተመልካቹ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ከሸንጎው ወገን ግን ትንፍሽ ያለ የለም፤ የመጀመሪያዋ እልልታ የሊቀ ቀዳሚው ናትና። እሳቸውም በጩኸቱ ባነኑ።

«ገባ?»

«ገባ ጌታዬ» አሉ ባሻ እንዳለማው።

«እሰይ!» ብለው ከዘራቸውን ወደ ላይ ወረወሩ። «እልል! አገቡብን! በሉ እንግዲህ ልጆች፣ ተነሱ!»

«የለም ጌታዬ፣ እኛ ነን ያገባነው።»

«ከነሱ በኋላ ነዋ?»

«ከነሱ በፊት።»

ከዘራቸው ከላይ ተመልሳ እግራቸው ሥር ወደቀች። ማንም አላነሳላቸውም፤ ሁሉም ወደ ሜዳው ያይ ነበር። ሜዳው ላይ አሥር ልጆች አንለይን ከሥር አድርገው ተቆልለውበታል። ጥቂት ቆይቶ ፊሽካው ተነፋ። አንድ ለባዶ። ቡድኑ ከምድቡ አለፈ።

ሸንጎው በዚያው ከሰዓት በኋላ በእንግዳ ማረፊያው አዳራሽ ተሰበሰበ። እዚህ ላይ ማረፊያው ደኅና ማረፊያ እንደነበር መጥቀስ ተገቢ ነው። አልጋው ለስላሳ፣ ውሃው ሙቅ፣ ምሳው አራት ዓይነት ነበር። ከውድድሩ የወጣ ቡድን በማግሥቱ ማለዳ ክፍሉን ይለቃል። በውይይቱ ግን ስለ አልጋውና ስለ ውሃው አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም፤ ይህም ሸንጎው ምን ያህል ለሕግ ብቻ እንደሚጨነቅ ያሳያል።

አንለይ ከነጭቃው መሐል ቆመ።

«አንተ ልጅ፣ ቀድመሃል?» አሉት ሊቀ ቀዳሚው።

«ቀድሜያለሁ።»

«ለምን?»

«ኳሷ እግሬ ላይ ነበረች።»

ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር ሕጉ ውስጥ ተፈልጎ ጠፋ።

«በቃ፣ እግሩ ዳግም አትሩጥ» አሉ ባለ ሰማንያ ስድስቱ። «ያለ ሕግ የመጣች ግብም ትመለስ።»

«ትመለስ ማለት…» አሉ አንዱ ቀስ ብለው፣ «ነገ ጠዋት ወደ አገር ቤት ነው ማለት ነው?»

ይሄኔ ባሻ እንዳለማው መዝገባቸውን ገልጠው ተነሱ።

«ጌቶቼ፣ ሺህ ዓመት ያልተጣሰ ሕግ ዛሬ በአንዲት ኳስ ተጣሰ ብዬ ለማመን ይከብደኛል። ሕጉ አልተጣሰም። የተሳሳተው መዝገቡ ነው።»

«እንዴት ሆኖ?»

«የመጀመሪያዋን የሚያገባት በቦታው ያለ ታላቅ ነው። የመጀመሪያዋን ያገባት አንለይ ነው። እንግዲህ በቦታው የነበረው ታላቅ አንለይ ነው ማለት ነዋ!»

ሸንጎው እፎይ አለ፤ እፎይታውም በዕድሜ ተራ ነበር።

«ታዲያ ዕድሜው ስንት ይባል?»

«በቦታው ከነበሩት ሁሉ የሚበልጥ።»

«እኔ ነበርኩ በቦታው» አሉ ሊቀ ቀዳሚው። «እኔ ሰማንያ ሰባት ነኝ።»

ባሻ እንዳለማው ሳል ሳል አደረጋቸው። «እሱን እንኳ… ጌታዬ ትንሽ ሸለብ አድርጎዎት ከነበረ፣ የተኛ ሰው እንደሌለ ቢቆጠር፣ ልጁን ሰማንያ ስድስት ተኩል አድርገን፣ እርስዎም እንደ ነበሩት በላይነትዎ…»

«ማነው የተኛው?»

«የለም፣ እንዲያው ለነገሩ ያህል…»

«ሊቀ ቀዳሚ አይተኛም! ያስባል! ሲያስቡ ነበር ተብሎ ይጻፍ!»

ተጻፈ። «ሊቀ ቀዳሚ ተድባቡ በቦታው ተገኝተው በማሰብ ላይ ነበሩ» ተብሎ ተጻፈ፤ ከሥሩም የአንለይ ዕድሜ ሰማንያ ስምንት ተብሎ ሰፈረ። በአገሪቱ ደንብ መዝገብ የሚታረመው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። የዚያ ዓመት እርማትም በዚሁ አበቃ።

ባሻ እንዳለማው ወደ አንለይ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ… ይቅርታ፣ አባቴ። ሰማንያ ስምንት ዓመት ሞልቶዎታል። እንኳን አደረስዎ።»

«እናቴ እኮ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው» አለ አንለይ።

«እሳቸውን ለከርሞ እናስተካክላቸዋለን።»

«ታዲያ ቀጣዩን እጫወታለሁ?»

ሸንጎው ደነገጠ። «በዚህ ዕድሜዎ? ጉልበትዎስ?»

«ጉልበቴ ደኅና ነው።»

«ሁላችንም እንደሱ ነበር የምንለው» ብለው ባለ ሰማንያ ስድስቱ አዘኑለት።

ነጭ ጋቢ አለበሱት፣ ከዘራ አስያዙት፣ ከፊት ባለው ወንበር አስቀመጡት። ሽማግሌ አይሮጥም፤ ይህን ማንም ያውቃል። ቅጣቱ እንዳይሮጥ ነበር፣ ክብሩም እንዳይሮጥ ሆነ። ልዩነቱ ጋቢው ነው።

አንድ ያላሰቡት ነገር ግን ነበር። በማግሥቱ ምሳ ሲቀርብ ሊቀ ቀዳሚ ተድባቡ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ ማዕዱ ሰደዱ፤ ባሻ እንዳለማው አይተው ክው አሉ፤ ሊቀ ቀዳሚውም ገባቸውና እጃቸውን ሰበሰቡ። አርባ አንድ ሰው አንለይን ያየው ጀመር። አንለይ መብላት አልፈለገም ነበር። ምሳው በረደ። ሲመሻሽ ዳምጤ መጥቶ «አባባ፣ በሞቴ ቅመስላቸው፤ እኛም ርቦናል» ሲለው አንድ ጉርሻ ወሰደ፤ ያን ጊዜ አዳራሹ በሙሉ ተረባረበ።

ሦስተኛው ቀን የግማሽ ፍጻሜው ጨዋታ ሆነ። አሥር ልጆች ወደ ሜዳ ገቡ። ተጋጣሚያቸው የገደል አገር ቡድን ነበር፤ እነሱም የነፋሶቹን ዘዴ ሰምተው አናገባም ብለዋል። አሥሩ ማግባት አይችሉም፤ ሌሎቹ አይፈልጉም። አንለይ ከፊት ወንበር ላይ ከዘራውን ይዞ ተቀምጧል። ሊቀ ቀዳሚ ተድባቡ ከጎኑ ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ስለዚህ ሸንጎው በሙሉ ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብሏል። እንዲህ ያለ ጸጥታ በሸንጎው ታሪክ ታይቶ አይታወቅም።

በሰባኛው ደቂቃ አንድ የገደል አገር ተከላካይ ኳሷን በስንፍና ወደ ውጭ ጠለዛት። ኳሷ መስመሩን አለፈች፣ ነጠረች፣ ተንከባለለች፣ ከመቀመጫዎቹ ደረጃ ግርጌ መጥታ ቆመች። አንለይ አያት።

«ተድባቡ» አለ።

ያንን ስም ያለ ማዕረጉ የጠራ ሰው ከአርባ ዓመት ወዲህ አልነበረም።

«አቤት!» አሉ ሊቀ ቀዳሚው፤ ከአፋቸው አምልጧቸው ነው።

«ልጄ፣ እስቲ ያቺን ኳስ አቀብለኝ።»

በዚያች አገር፣ እንደ የትም አገር፣ ታናሽ ይላካል። ሊቀ ቀዳሚ ተድባቡ ሠላሳ ዘጠኙን አዩ፤ ሠላሳ ዘጠኙ ጫማቸውን አዩ። ተነሱ። ስድስቷን ደረጃ አንድ በአንድ፣ እያንዳንዷ ላይ ሁለት እግራቸውን እያሳረፉ ወረዱ። ኳሷ ጋ ደረሱና ሊያነሷት ጎንበስ ለማለት ሞከሩ፤ ወገባቸው እምቢ አለ። እንደገና ሞከሩ፤ አሁንም እምቢ። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። የጋቢያቸውን ጫፍ ሰብሰብ አደረጉና በጫማቸው ጫፍ ገፋ ሊያደርጓት ብለው መቷት።

ኳሷ ከመሬት ተነሳች፣ ደረጃውን በአየር አልፋ አንለይ ጉልበት ላይ አረፈች።

«ቀጥ ብላ!» አሉ ሽማግሌው ጮክ ብለው። «አያችሁ? ቀጥ ብላ እኮ ነው የሄደች! ማን አየ? ባሻ፣ አይተሃል? አምጣት፣ አንዴ ልድገማት!»

አንለይ ጋቢውን አወለቀ፣ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ፣ ከዘራውን በላዩ አጋደመ፣ ኳሷን ይዞ ወረደ። ዳኛው የስም ዝርዝሩን ገልጦ አየ። አሥራ አንድ ስም ተጽፏል፣ ሜዳው ላይ አሥር አሉ፣ ዕድሜ የሚል ዓምድ የለም። «ግባ» አለው።

ሽማግሌ እንደማይሮጥ ሊያስታውሱት የፈለጉ የሸንጎ አባላት ነበሩ። ነገር ግን በዚህም ጉዳይ የመጀመሪያው ቃል የእሱ ነበር፤ እሱ ደግሞ እየሮጠ ነው።